ሌቭል አንድ ላይ ቀረን እኮ!

ኧረ ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ጀማሪ የሚባል ፍጡር በዓይናቸው አይተው ያውቃሉ? ጠንቋይና ዘንዶ፣ ሰይፍና አስማት ያለበትን፣ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተውን ጌም የሚሠሩትን ማለቴ ነው። ማስታወቂያው ላይ ሰማይ ይቀደዳል፣ ተራራ ይናዳል፣ ፈረሱ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ገብተህ ስታየው በባዶ እግርህ፣ ቡትቶ ለብሰህ፣ በእንጨት ዱላ አይጥ ስትደበድብ ራስህን ታገኘዋለህ። ለዚያውም ከገባህ ነው።

መግባቱ ነዋ ጣጣው! ከፒያሳ ተነሥቶ እዚያ አይጥ መደብደቢያ ሜዳ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚያለፋ የሞከረው ያውቀዋል። ዛሬ ዛሬ ትልልቆቹ ጌሞች 100 ጊጋባይት ሲሞሉ ምንም አያፍሩም። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚያወርድ መስመር ያለው ሰው፣ ለአፍታ ሳይቆራረጥበት፣ ከ22 ሰዓት በላይ መጠበቅ አለበት። ሳይቆራረጥ! እስኪ በአራዳ ምድር 22 ሰዓት ሳይቆራረጥ የዘለቀ ነገር ጥሩልኝ፤ የጊዮርጊስ ማሕሌት እንኳ ያን ያህል አይሄድም። መብራቱ ድንገት ድርግም ይላል። ሲመለስ ዋይፋዩ ነፍስ እስኪዘራ ትጠብቃለህ። ነፍስ ሲዘራ ደግሞ ማውረጃው ስህተት ተፈጥሯልና እንደገና ሞክር ይልሃል። ዋይፋይ የሌለው የሌሊት ፓኬጅ ይገዛል፤ ሌሊት ይረክሳላ! ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር አገናኝቶ፣ ቁጭ ብሎ ያነጋል። እናት ለጸሎት ስትነሣ ሳሎኑ በሰማያዊ ብርሃን ተሞልቶ ታገኘዋለች።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም አልተኛህም?»

«እያወረድኩ ነው እማዬ።»

«ምኑን?»

«ጌም።»

«አሁን አንተ የሠላሳ ዓመት ሰው ነህ?»

ምን ትመልሳለህ? ዝም ብለህ ፐርሰንቱን ታያለህ። አልቆ «ተጫወት» የሚለው ቁልፍ ሲበራ እሰይ ብለህ ስትጫነው፣ አፕዴት አለ ይልሃል። እኔ ገና አንድ ቀን እንኳ ሳልጫወተው ምኑን ነው የሚያሻሽሉት?

ድሮ እንዲህ አልነበረም ማለት የሽማግሌ ወሬ ይመስላል፤ ግን አልነበረም። ሩንስኬፕ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001 እንግሊዝ አገር ወንድማማቾች ሠርተው ሲያወጡት በድረ ገጽ ማሰሻ ውስጥ የሚከፈት ጌም ነበር። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ በደቂቃ ሳንቲም እየቆጠረ የሚከፍል ልጅ እንኳ ሊሞክረው ይችል ነበር። ግራፊክሱ አስቀያሚ ነበር፤ ሰውዬው በካርቶን የተሠራ ነበር የሚመስለው። ቢሆንስ? ዱላውን ይዘህ አይጥህን ለመደብደብ የአንድ ወር ፓኬጅ አያስጨርስህም።

ወርዶ፣ ታድሶ አለቀ እንበል። አሁን ደግሞ ክፈል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ሲወጣ ወርሃዊ ክፍያው 15 ዶላር ገደማ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው። ለአሜሪካኑ ልጅ ዋጋው ከሃያ ዓመት በላይ ቆሞ ጠበቀው። ለእኛስ? ያኔ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ዶላሩ ከ9 ብር በታች ስለነበር 130 ብር ቢሆን ነው። ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ በ57 ብር ስናሰላው 855 ብር ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100ን አለፈና ያው ዘንዶ፣ ያው ሰይፍ፣ ያው አይጥ ከ1,500 ብር በላይ ሆነ። አይጥ በዚህ ዋጋ!

ገንዘቡ ቢኖርህ ደግሞ መክፈያው የለም። የብር ካርድህን ቁጥር ብታስገባው ካርዱ አልታወቀም ይልሃል። ከግንቦት 2013 ጀምሮ ቴሌብር የሚባል ነገር አለን፤ መብራት ይከፈልበታል፣ ታክሲ ይከፈልበታል፣ ዘንዶ የሚሸጡት ሰዎች ግን አልሰሙም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ የጊፍት ካርድ ነጋዴ ትፈልጋለህ፤ እሱ የሚነግርህ የዶላር ዋጋ ባንክ ከለጠፈው ጋር ዝምድና የለውም። ወይ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው የአክስትህ ልጅ ትደውላለህ። እሱ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ የገባ ሰው ነው፤ ለሕክምና ወይ ለትምህርት መስሎት ደንግጦ ያነሣል። «የአስማተኛ ወርሃዊ ክፍያ ክፈልልኝ» የሚል አረፍተ ነገር በየትኛው አማርኛ ነው ለስደተኛ ዘመድ የሚነገረው?

ነፃ ሞክር የሚሉም አሉ። የነፃውን ነገር ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ በደል ነው።

ገጸ ባሕርይ መፍጠር ላይ ብዙ አላማርርም፤ ደስ ይላል መቼም። የአፍንጫውን ርዝመት በሚሊሜትር ስታስተካክል ትቆያለህ፣ ጆሮው ሹል ይሁን ክብ ስትል ታመነታለህ፣ ከዚያ ያን ሁሉ ፊት የራስ ቁር ይሸፍነዋል። ስም ላይ ግን ችግር አለ። ሁሉም ተይዟል። በላቲን ፊደል ቴዎድሮስ ብትጽፍ ተይዟል፣ ምኒልክ ተይዟል፣ ጣይቱ ተይዛለች። ፒያሳ ሐውልት የቆመለትን ንጉሥና ሆቴል የቆመላትን ንግሥት የትኛው አገር ያለ ሰው ቀድሞ እንደወሰዳቸው እንጃ። መጨረሻ ላይ ከስምህ ኋላ አራት ቁጥር ተለጥፎ፣ የስልክ ቁጥር መስለህ ወደ ጦርነት ትሄዳለህ።

እናም ክዌስት ይጀመራል። ጭንቅላቱ ላይ ቢጫ ቃለ አጋኖ የተንሳፈፈበት ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቅሃል። ዓለም ልትጠፋ ነው ይልሃል። ጥሩ፣ ልትጠፋ ነው፤ ስለዚህ ስድስት የተኩላ ቆዳ አምጣልኝ። ታመጣለህ። ይኼን ወንዝ ማዶ ላለችው አንጥረኛ አድርስልኝ። ታደርሳለህ። እሷ ደግሞ ደብዳቤ ጽፋ ወደዚያው ሽማግሌ ትመልስሃለች። ወገኖቼ፣ ይህን ጨዋታ እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንጫወተው ኖረን የለም እንዴ? መታወቂያ ልታሳድስ ትሄዳለህ፤ መስኮት ሦስት ወደ መስኮት አምስት ይልክሃል፣ መስኮት አምስት ፎቶ ኮፒ አድርገህ ና ይልሃል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት የለውም፣ ስትመለስ ማኅተሙን የያዙት ሰውዬ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከዚህ አምልጬ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ከፍዬ፣ አሁንም የአንዱን ወረቀት ለሌላው ላመላልስ?

እርግጥ ልዩነት አለው። መስኮት አምስት ያለችው ልጅ «አንተ የተመረጥክ ጀግና» ብላህ አታውቅም። ሽማግሌው ይላል። ዞር ስትል ግን ከኋላህ ሌሎች ሠላሳ የተመረጡ ጀግኖች ቆመዋል፤ ሁሉም ያንኑ ተኩላ ነው የሚጠብቁት። ተኩላው በበቀለ ቁጥር ቀድሞ የመታው ይወስደዋል፤ ነባር ተጫዋች በፈረስ መጥቶ ለመዝናናት ብቻ ጠራርጎት ያልፋል። ዓለምን ለማዳን ሰልፍ!

ታዲያ በየቀኑ ግባ ይልሃል ደግሞ። በተከታታይ ሰባት ቀን ከገባህ ይህን እንሰጥሃለን፣ ሃያ ስምንት ቀን ከገባህ ያንን እንሸልምሃለን። በተከታታይ! ይህን ያሰበው ሰው ኢንተርኔት ከነአካቴው የሚዘጋበት አገር ይኖራል ብሎ አልጠረጠረም። እኛ በሰኔ 2011 አይተናል፤ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተዘጋው ደግሞ ሳምንታት ቆይቶ ነው የተመለሰው። ያኔ ጌም ያሳሰበው ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ሰው እየሞተ ነበር። የምለው፣ «በተከታታይ» የሚል ሽልማት እኛን አስቦ አልተሠራም ነው።

እሺ፣ ብቻህን አይጥና ተኩላውን ጨረስክ። አሁን ከሰው ጋር ወደ ዋሻ ትገባለህ፤ አምስት ሆናችሁ። እዚህ ላይ ነው እንባ የሚመጣው። አንዱ ታንክ ነው፤ ፊት ቀድሞ ዱላውን የሚቀበል። አንዱ ሂለር ነው፤ የቆሰለውን የሚያክም። የቀሩት ዲፒኤስ ናቸው፤ የሚመቱ። ይህን ማን ነገረህ? ማንም። ጋሻው አምሮህ ታንክ መርጠሃል። ታንክ መንገዱን ማወቅ እንዳለበት የምታውቀው አራት ሰው ከኋላህ ቆሞ «ጎ ጎ ጎ» ሲልህ ነው። ቻቱ ላይ ሦስት ሦስት ፊደል ይወረወራል፤ አንዱንም አታውቀውም። ምን ማለት ነው ብለህ ስትጠይቅ ኑብ ይሉሃል፤ ይህኛው እንኳ ገብቶሃል፤ እኛ ሰፈር ፋራ የምንለው ነው። አራዳ ተወልዶ አድጎ ስዊድን ያለ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ፋራ ሲለው ዝም ብሎ መቀበል፣ የባሰ አታምጣ ነው። በአማርኛ ልስደበው ብለህ ስትጽፍ ደግሞ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን አንዲት ፎንት መጨመር ከብዷቸው ስድባችንን ሁሉ ሳጥን አድርገውታል።

ርቀቱም አለ። አለቃ የሚባለው ትልቁ አውሬ ሊመታህ ሲል መሬቱ ላይ ቀይ ክብ ይሣላል፤ ከክቡ ውጣ ማለት ነው። ትወጣለህ። አንተ ዘንድ ወጥተሃል፣ በዓይንህ አይተሃል። ግን ትሞታለህ። ለምን? የአንተ «ወጣሁ» በጎረቤት አገር በኩል ባሕር ገብቶ አውሮፓ መድረስ አለበታ! ደርሶ መልሱ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሰርቨሩ ወሬህ እስኪደርሰው አንተን አሁንም ክቡ ውስጥ እንደቆምክ ነው የሚያውቅህ። ይህን ለቡድንህ በምን ቋንቋ ታስረዳለህ? «እኔ እኮ ወጥቼ ነበር» የሚል ሟች ማን ያምነዋል? በድምፅ ብልጫ ያባርሩሃል።

ከዚህ የሚከፋው መብራት የሄደ ዕለት ነው። ብዙዎቹ ጌሞች ቡድን አቋርጦ የወጣን ሰው ለተወሰነ ደቂቃ እንዳይሰለፍ ይከለክሉታል፤ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጭራሽ «ከዳተኛ» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል። ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ፣ አንተ ሻማ እየፈለግህ፣ እዚያ ማዶ ከዳተኛ ተብለሃል።

ይህን ሁሉ ለነባሮቹ አቤት ስትል ሁሉም አንድ አፍ ሆነው የሚመልሱልህ መልስ አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። «ቆይ ታገሥ፣ ጌሙ የሚጀምረው መጨረሻው ሌቭል ስትደርስ ነው።» እንዴ! ታዲያ እስከዚያ ድረስ የማደርገው ምን ይባላል? አንድ ሰው ምግብ ቤት ወስዶህ፣ ምሳው የሚጣፍጠው ከሁለት መቶ ጉርሻ በኋላ ነው ቢልህ ተነሥተህ አትሄድም? ሠሪዎቹም ያውቁታል እኮ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ገጸ ባሕርይህን በአንድ ጊዜ ወደ ሌቭል 90 የሚያወጣ አገልግሎት በ60 ዶላር መሸጥ ጀመረ። አስቡት፤ ድርጅቱ ጌም ሠርቶ ሸጠልህ፣ ከዚያ ያንኑ ጌም እንዳትጫወተው ሌላ 60 ዶላር አስከፈለህ። ፋይናል ፋንታሲ 14ን የሠሩት ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል ታሪክ መንዛዛቱን አምነው እ.ኤ.አ. በ2020 ከክዌስቶቹ ቀነሱለት። እነዚህኞቹን አመሰግናለሁ፤ ያው ጌም እኮ ነው እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ የሚወደው ሲጠፋ ከመሠረቱ አፍርሰው በ2013 እንደገና የሠሩት። ሲያፈርሱ እንኳ ጨረቃ ከሰማይ አውርደው ዓለሙን አጠፉትና ተጫዋቹ ቆሞ እንዲያይ አደረጉ። ፒያሳ ላይ ጨረቃ አልወደቀችም፤ ኤክስካቫተር ነው የመጣው።

ወደ ነፃው ልመለስ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን እስከ ሌቭል 20 ሳትከፍል መሞከር ትችላለህ፤ ግን ማኅበር መግባት አትችልም፣ የጋራው ቻት ላይ መናገርም አትችልም። ወርቅ የሚሸጡ አጭበርባሪዎችን ለመከላከል ነው ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ግን ጥያቄ የሚበዛበት ጀማሪ አፉ ተለጉሞ፣ ጥያቄ የሌለው ነባር እንደልቡ ያወራል። አንድ ሰው «ይኼ ቁልፍ ለምንድን ነው?» ብሎ እንዳይጠይቅ ከልክለህ ለምን አልቆየልንም ብለህ ትገረማለህ?

ይህ ዓይነት ጨዋታ ሲፈጠር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሲታተም ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ነበር የሚጫወቱት፤ አንዱ መሪ ይሆናል። መሪው ሰው ነው፤ አዲስ የመጣው ግራ ሲገባው ፊቱን አይቶ ያውቃል፣ ታሪኩን ያቆማል፣ ያስረዳዋል። ኮምፒዩተሩ መሪውን ተክቶ ሲመጣ ዘንዶውን አመጣ፣ ሰማዩን አመጣ፣ ያን ፊት የሚያይ ሰው ግን አላመጣም።

እኛም ነበረን። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ጓዳ ጎድጓዳው ውስጥ የነበሩት ፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ ከእነሱ በፊት ጆተኒው፣ ትምህርት ቤት ነበሩ። አላሞግሳቸውም፤ ጠባብ ነበሩ፣ የካልሲ ሽታ ነበራቸው፣ ጆይስቲኩ ከላብ ብዛት ያንሸራትታል፣ ተሸናፊ ይከፍላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊፋ የያዝክ ዕለት ስምንት ለባዶ ትሸነፋለህ፣ ሙድ ይያዝብሃል፣ ስድስት ወር ሙሉ ሰፈሩ «ስምንት» እያለ ይጠራሃል። ነገር ግን ትከሻህ ላይ ተደግፎ «ኧረ ክቡን ተጫን! ክቡን! ኤክሱን አይደለም!» እያለ ጆሮህ ላይ የሚጮህ ሰው ነበር። አንዳንዴ ጆይስቲኩን ነጥቆህ አሳይቶ ይመልስልሃል። ማንም አስተማሪ ብሎ አልሾመውም፤ ተራውን እየጠበቀ ስለሚሰላች ነው። የሚሰላች ሰው ለጀማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም አሁን ነው የገባኝ። በኢንተርኔቱ ጌም ላይ የሚሰላች የለም፤ ሁሉም ይቸኩላል።

መጋቢት 2016 ላይ ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እነዚያ ቤቶች አብረው ሄዱ። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፣ የእግረኛው መንገድ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። አምሯል፤ ማማሩን የሚክድ የለም። ጆይስቲክ የሚነጥቅህ ሰው ግን የት ይቀመጥ? ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ወንበሩ ላይ ለየብቻ ያቀረቅራሉ። የእኛ አገር ሰው የሠራውን ጌም ያሰቡ እንደሆነ፣ ኩኩሉ የሚባል አለ፤ ዶሮዋ ከገበሬው የምታመልጥበት። ቀላል ነው፣ ስልክ ላይ ይሄዳል፣ ማንም ሳያስተምርህ በአንድ ደቂቃ ትሮጣለህ። ጎበዞች ናቸው። ብቻ እሷም ብቻዋን ነው የምትሮጠው።

እኔና አብሮ አደጌ ታዲያ አንድ ነገር አሰብን። እሱ ቤቱ ሲፈርስ ከነቤተሰቡ ገላን ጉራ ሄዷል፤ ከዚያ ፒያሳ መምጣት ግማሽ ቀን ያስጨርሳል። መገናኘት ካቃተን ቢያንስ ጌሙ ላይ እንገናኝ ተባባልን፤ እሱ ሂለር፣ እኔ ታንክ፤ ከሞትኩም በወዳጄ እጅ ልሙት። ሁለታችንም ያን ሁሉ ጊጋባይት አወረድን፣ ሁለታችንም ጊፍት ካርድ ለመንን፣ ሁለታችንም የድርሻችንን አይጥ ደበደብን፣ ለየብቻ፣ በየቤታችን። ዋሻ የምንገባበት ሌቭል ላይ ስንደርስ ቀጠሮ ይዘን፣ በስልክ እየተነጋገርን ገባን።

«የት ነህ?»

«ድልድዩ ላይ።»

«እኔም ድልድዩ ላይ ነኝ።»

«አላይህም።»

«ፈረሱ አጠገብ ቆሜያለሁ እኮ!»

ያው ድልድይ ነው፣ ያው ፈረስ ነው። እሱ ሲመዘገብ የአሜሪካን ሰርቨር መርጧል፤ እኔ የአውሮፓን። ሲመዘገቡ ይህች ምርጫ ከቋንቋው መምረጫ ሥር ትንሽ ሆና ተቀምጣለች፤ በኋላ ደግሞ ጀግናህን ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው ማሻገር አይቻልም። ከሁለት አንዳችን ሁሉን ትተን ከአይጡ እንደገና መጀመር አለብን። የእኔ ሌቭል ይበልጣል፤ ለእሱ ደግሞ የአክስቱ ልጅ የሦስት ወር ቀድሞ ከፍሎለታል። እኔ አንተ ተመለስ እላለሁ፣ እሱ ታላቄ ነህና አንተ ምሳሌ ሁን ይለኛል። ታላቅነቴን ያስታወሰው ገና ዛሬ ነው።